ጉበት የሚለየው ቅባት

በጎጃም ውስጥ በዳሞት፣ በቡሬና በጃቢ ጠህናን አገር ሰው ቅባት የሚያገኘው ለብዙ ትውልድ ከሁለት ቦታ ነበር፤ ከላምና ከኑግ። ሁለቱን የሚያፈራርቃቸው ጾምና ፍስክ ነው። ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴን፣ ነቢያትን፣ ሐዋርያትንና ፍልሰታን አሟልቶ ለሚጾም ገበሬ የዓመቱ ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ በላይ የኑግ ነው፤ ቀሪው የቅቤ። ስለዚህ ኑግ በዚህ አገር ቅቤ ላጣ ሰው የተተወ ምግብ ሆኖ አያውቅም። የምተርከው ታሪክ የጉበት ታሪክ ነው፤ ጉበት ደግሞ የሚሠራው በመጣለት ነገር ስለሆነ፣ መጀመሪያ ምን ምን እንደመጣለት ማየት ያስፈልጋል።

በመስከረምና በጥቅምት ከደምበጫ ወደ ቡሬ ሲኬድ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቢጫ ሆኖ የሚታየው ማሳ ብዙውን ጊዜ ኑግ ነው። ንቡም የሚከብደው በዚያ ወቅት ነው፤ የጎጃም ማር ለኑግ አበባ ትልቅ ዕዳ አለበት። እህሉ ደርሶ ከተወቃ በኋላ፣ ሴቶች ኑጉን በምጣድ ያምሱታል፤ በሙቀጫ ወቅጠው ያልሙታል፤ ከዚያ ሙቅ ውኃ እያጠጡ ሲያሹት ዘይቱ እየተለየ ይንሳፈፋል። የቀረው ፋጉሎ ለከብት ይሰጣል። ከዘይቱ ውስጥ 70 በመቶውና ከዚያም በላይ የሚሆነው ሊኖሌይክ የሚባለው የስብ አሲድ ነው። ይህ አሲድ ሰውነታችን ራሱ ሊሠራው የማይችል፣ ከምግብ ብቻ የሚገኝ ነው። የጎጃም ገበሬ ይህን ሳያውቅ በየጾሙ ሲያገኘው ኖሯል።

ቅቤው የራሱ ሥርዓት አለው። ወተቱ ቀናት ተጠራቅሞ ይረጋል፤ ከዚያ መናጫው ቅል ውስጥ ይገባና ወዲያና ወዲህ ይናጣል። የምትንጠው ሴት የቅሉን አፍ ከፍታ ማየት አያስፈልጋትም። መጀመሪያ የሚሰማው ወፍራም የፈሳሽ ድምፅ እየቀጠነ ሄዶ ቅቤው ተሰብስቦ ከቅሉ ግድግዳ ጋር ሲላተም በእጇም በጆሮዋም ታውቀዋለች። አሬራው ለብቻው ይቀዳል። ቅቤው በኮሰረት፣ በኮረሪማና በአብሽ ተነጥሮ ለወራት ይቀመጣል።

አሁን ወደ ላሟ ጨጓራ እንግባ፤ ነገሩ የሚጀምረው እዚያ ነውና። ሣሩና ፋጉሎው በላሟ ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ሲብላላ፣ በዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ሊኖሌይክን የመሰለውን በሃይድሮጅን ያልጠገበ የስብ አሲድ አይወዱትም፤ ይጎዳቸዋል። ስለዚህ ሃይድሮጅን እየጨመሩ ያጠግቡታል። ሥራቸው ሁልጊዜ ፍጻሜ ላይ አይደርስም። ከመንገድ የቀረው ቫክሲኒክ የተባለ ትራንስ የስብ አሲድ ሆኖ ወደ ደምና ወደ ወተት ያልፋል። በቅቤ ውስጥ ካለው ስብ ከ2 እስከ 6 በመቶ የሚሆነው የዚህ ዓይነት ትራንስ ነው። በፋጉሎ የምትቀለብ ላም ሊኖሌይኩ ስለሚበዛላት ቫክሲኒኩም ይበዛል። እንግዲህ የጎጃም ጉበት ትራንስ ስብን ያወቀው ፋብሪካ ከመወለዱ ከሺህ ዓመታት በፊት ነው፤ መጠኑ ትንሽ፣ ዓይነቱ በአብዛኛው አንድ፣ ምንጩም በረት ነበር።

ትራንስ የሚባለው ምን እንደሆነ እዚህ ላይ ልናገር። የስብ አሲድ የካርቦን ሰንሰለት ነው፤ በብዛት የሚገኙት 18 ካርቦን አላቸው። በሰንሰለቱ ላይ ድርብ ትስስር ካለ ሁለት ዓይነት አቀማመጥ ሊኖረው ይችላል። አንዱ ሲስ ሲሆን ሰንሰለቱን ያጎብጠዋል፤ ሌላው ትራንስ ሲሆን ቀጥ አድርጎ ይተወዋል። ጎባጣ እንጨት ተጠጋግቶ እንደማይታሰር ሁሉ ሲስ ያላቸው ቅባቶችም እርስ በርስ ስለማይጠጋጉ ፈሳሽ ሆነው ይቀራሉ፤ የኑግ ዘይት በብርድ ጧት የማይረጋው ለዚህ ነው። ትራንሱ ግን ቀጥ ስላለ ይጠጋጋል፣ ይረጋል። የካርቦኑ ቁጥር አንድ፣ የሃይድሮጅኑም ቁጥር አንድ ሆኖ ቅርጹ ብቻ ይለያያል። ጉበት የሚያነበው ያንን ቅርጽ ነው።

አሁን ወደ ፋብሪካው ልሻገር። ዓድዋ ላይ ድል በተደረገ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1897፣ ፖል ሳባቲዬ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ቱሉዝ ከተማ ውስጥ የደቀቀ ኒኬል ካለ ሃይድሮጅን ከሌላ ጋዝ ጋር በቀላሉ እንደሚዋሃድ አሳየ። እርሱ የሠራው በጋዝ ነበር። በዘይት ይሆናል ብሎ የሞከረው ቪልሄልም ኖርማን የተባለ ጀርመናዊ ነው፤ ዘመኑም የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ያረፉበት 1901 እ.ኤ.አ. ነበር። ኖርማን በሄርፎርድ ከተማ ቤተ ሙከራው ውስጥ ፈሳሽ ዘይትን አረጋ፤ በሚቀጥለውም ዓመት የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ሳባቲዬ በ1912 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል፣ የኖርማን ዘዴ በእንግሊዝ አገር ዎሪንግተን ውስጥ ከሙከራ አልፎ ወደ ፋብሪካ ሥራ ገብቶ ነበር።

ዘዴው ሲታይ የላሟ ጨጓራ የሚሠራውን ይመስላል፤ ያልጠገበውን በሃይድሮጅን ማጥገብ። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። ባክቴሪያው በላሟ የሰውነት ሙቀት፣ በኢንዛይም፣ ድርብ ትስስሩን በአብዛኛው አንድ ቦታ ላይ ይተወዋል፤ ከመጀመሪያው ቆጥረን 11ኛው ካርቦን ላይ። ኒኬሉ ግን በከፍተኛ ሙቀት ስለሚሠራ ትስስሩ ከቦታው ይንሸራተታል፤ 8ኛው፣ 9ኛው፣ 10ኛው፣ 11ኛው፣ 12ኛው ላይ ይበተናል። ሥራው እስከ መጨረሻው ከተገፋ ሁሉም ይጠግብና ትራንስ አይቀርም፤ የሚወጣው ግን እንደ ሻማ የጠጠረ ነገር ነው። ለዳቦ የሚቀባ ለስላሳ ነገር የፈለገ ፋብሪካ ሥራውን መሐል ላይ ማቆም ነበረበት። ያ መሐል ላይ የቆመው ቅባት ከሩብ እስከ ግማሽ ሊጠጋ የሚችለው ትራንስ ነው። ከእነዚህ መካከል ስሙ የገነነው 9ኛው ካርቦን ላይ ትራንስ የሆነው ኢላይዲክ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ክሪስኮ የተባለው የጥጥ ፍሬ ቅባት እ.ኤ.አ. በ1911 ገበያ ወጣ። በቅቤ ውስጥም ትራንስ እንዳለ በርትራም የተባለ ኬሚስት ያወቀው በ1928 ነው፤ በከብት፣ በበግና በቅቤ ስብ ውስጥ ቫክሲኒክን አገኘ። የበረቱ ትራንስ በመጠሪያ የታወቀው ከፋብሪካው ቆይቶ መሆኑ ነው።

በ1933 ዓ.ም. ጥር ወር ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቅለው ወደ ጎጃም ሲገቡ፣ የኢጣልያ ጦር ቡሬ ላይ ምሽግ ነበረው። አርበኞችና ከሱዳን የመጣው የጌዲዮን ጦር አስጨንቀውት የካቲት መጨረሻ ላይ ቡሬን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ሸሸ። ወጀት ትባል የነበረችው መንደርም በዚያው ጊዜ ፍኖተ ሰላም ተባለች። ይህን የጦር ታሪክ እዚህ የማነሣው ስለ መንገዱ ነው። ጦሩ የሄደበት መስመር ኋላ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው የመኪና መንገድ ሆኗል። ደምበጫ፣ ጅጋ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ማንኩሳና ቡሬ በዚህ መስመር ላይ የገበያ ከተሞች ሆነው አደጉ። ዘይት በቆርቆሮ፣ ኋላም በጀሪካን የገባው በዚሁ መንገድ ነው።

በ1950 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. በ1957፣ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ፍሬድ ከመሮው ከባልደረቦቹ ጋር ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ከሞቱ ሰዎች የተወሰደ የሰውነት ክፍል መርምረው ትራንስ ስብን በቆዳ ሥር ስብ፣ በደም ሥር ግድግዳና በጉበት ውስጥ አግኝተውት ነበር። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ብዙ ሰው ያስብ የነበረው የፋብሪካው ቅባት እንደ ማንኛውም ቅባት ተቃጥሎ ያልቃል ብሎ ነው። ከመሮው ያገኘው፣ የበላነው ቅርጹን ሳይለውጥ ወደ ሥጋችን እንደሚገባ ነበር። ሰሚ ግን አላገኘም። የዚያ ዘመን ሐኪሞች ዓይናቸውን የጣሉት በቅቤና በጮማ ላይ ነበር፤ ምክራቸውም ሕዝቡን ከቅቤ ወደ ማርጋሪን ገፋው። ለእኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚያሳዝነው ምዕራፍ ይህ ነው፤ ማስረጃው ታትሞ እያለ ሠላሳ ዓመት አለፈ።

በእነዚያ ሠላሳ ዓመታት ጎጃም ብዙ ነገር አይቷል። የመሬት አዋጅ መጣ፤ ብር ሸለቆ ላይ የመንግሥት እርሻ ተቋቋመ፤ በቆሎና ማዳበሪያ ገቡ። ኑግ ከለም መሬት እየተገፋ ወደ ረግረግና ወደ ደከመ መሬት ሄደ። በቤት ውስጥ መጭመቅም እየቀነሰ፣ ከተማ ያለ ሰው በሞተር መጭመቂያ የወጣ ዘይት መግዛት ለመደ። ከዚያ የረጋ የአትክልት ቅቤ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ታየ፤ ዋጋው ከለጋ ቅቤ የረከሰ፣ መልኩ የቀረበ። የፋብሪካው ትራንስ ወደ ጎጃም ማጀት ያገኘው በር ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990 ሮናልድ ሜንሲንክና ማርቲን ካታን የተባሉ ሁለት ሆላንዳውያን ቫገኒንገን ውስጥ ጉዳዩን በሰው ላይ ፈተኑት። 59 ጤነኛ ሰዎችን፣ 34 ሴቶችና 25 ወንዶች፣ ሦስት ዓይነት ምግብ እያፈራረቁ እያንዳንዱን ለሦስት ሳምንት መገቧቸው። ከምግቡ ጉልበት 10 በመቶው በአንዱ ከሲስ፣ በሌላው ከጠገበ ስብ፣ በሦስተኛው ከትራንስ የሚመጣ ነበር። ትራንሱ መጥፎውን ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤልን፣ በዴሲ ሊትር ደም 14 ሚሊ ግራም ያህል ከፍ አደረገው፤ ደጉን፣ ኤችዲኤልን፣ 7 ሚሊ ግራም ያህል ዝቅ አደረገው። የጠገበው ስብ ኤልዲኤልን ከፍ ቢያደርግም ኤችዲኤልን አልነካውም። ሁለቱንም ወደማይፈለገው አቅጣጫ የሚገፋ ቅባት ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ምክንያቱ ወደ ጉበት ያደርሰናል። ኮሌስትሮልን የሚሠራው፣ ከስብ ጋር ጠቅልሎ ወደ ደም የሚልከው፣ የተረፈውንም መልሶ ከደም የሚሰበስበው ጉበት ነው። በኋላ በተደረጉ ጥናቶች እንደታየው ትራንስ በበዛበት ምግብ ኤልዲኤል ከደም የሚሰበሰብበት ፍጥነት ይቀንሳል፤ የኤችዲኤል ዋና ፕሮቲን ግን ቶሎ ይፈርሳል። ከደጉ ወደ መጥፎው ኮሌስትሮል የሚያሸጋግረው ፕሮቲንም ሥራው ይበረታል። እንግዲህ ጥፋቱ በደም ሥር ላይ ቢታይም የሚጀምረው ጉበት ውስጥ ነው።

ታዲያ የበረቱና የፋብሪካው ትራንስ ለጉበት አንድ ናቸው? እ.ኤ.አ. በ2002 የፊንላንድ ተመራማሪዎች ጤነኛ ሰዎችን ቫክሲኒክ አብልተው ደማቸውን ሲያዩ፣ ከበሉት አምስት እጅ አንዱ ያህል ወደ ሌላ ነገር ተቀይሮ አገኙት። ይህን የሚሠራው 9ኛው ካርቦን ላይ አዲስ ሲስ ትስስር የሚከፍት ኢንዛይም ነው። የተሠራው ሩሜኒክ የሚባለው አሲድ በቅቤና በወተት ውስጥም በተፈጥሮ ይገኛል። ከቫክሲኒክ ጥቂቱ ደግሞ በጉበት ሴል ውስጥ ሁለት ካርቦን ተቆርጦለት አጠር ያለ ትራንስ፣ ፓልሚቶሌይክ የሚባል፣ ይሆናል። ኢላይዲክ ግን 9ኛው ካርቦኑ ላይ ቀድሞ ትራንስ ስለተቀመጠበት ያ ኢንዛይም የሚሠራበት ቦታ አያገኝም። አንዱ መውጫ መንገድ ተዘግቶበታል ማለት ነው።

የቀረው መንገድ መቃጠል ነው፤ ስለዚህም ከሁሉ የሚመስጠኝ ሥራ በ2004 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ በሆርስት ሹልዝ ቤተ ሙከራ የወጣው ነው። የጉበት ሴል ስብን የሚያቃጥለው ማይቶኮንድሪያ በሚባለው ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሁለት ካርቦን እየቆረጠ ነው። ኢላይዲክም ሲስ የሆነው አቻው ኦሌይክም 18 ካርቦን ይዘው ይገባሉ፤ ሁለት ዙር ከተቆረጡ በኋላ 14 ካርቦን ይቀራቸዋል፤ ድርብ ትስስሩም 5ኛው ላይ ይደርሳል። እስከዚህ ድረስ እኩል ናቸው። በሦስተኛው ዙር ግን ሥራውን የሚቀጥለው ኢንዛይም ሲሱን በቀላሉ ሲያነሣ ትራንሱን ቀስ ብሎ ነው የሚነካው። ያ ባለ 14 ካርቦን ቁራጭ ይከማቻል፤ ገሚሱ ሳይቃጠል ተሸካሚ ሞለኪውል ላይ ተጭኖ ከማይቶኮንድሪያው ይወጣል። ጥናቱ የተሠራው በአይጥ ጉበት ላይ ነው። ጉበት ትራንስን ማቃጠል አይችልም ማለት አይደለም፤ ያቃጥለዋል፣ ግን እያንጠባጠበ። በሃምሳዎቹ ከመሮው በጉበት ውስጥ ያገኘው ነገር ለምን እንዲህ እንደሚሆን ግማሽ መልሱ እዚህ ላይ ተገኘ።

በጥር 2003 ዓ.ም. መንግሥት በአሥራ ሰባት ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ሲጥል ዘይት አንዱ ነበር። ጣሪያው በዚያው ዓመት ከብዙዎቹ ላይ ሲነሣ የፓልም ዘይት ከስኳርና ከስንዴ ጋር በቁጥጥር ሥር ቀረ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት በድጎማ ከውጭ የሚገባው ፓልም በሸማቾች ማኅበራት በኩል እየተከፋፈለ የአገሩ ዋና ዘይት ሆነ። ኑግ ዋጋው ከፍ ስላለ ላለው ሰው ቀረ፤ ኑግ የሚያመርተው ገበሬ ራሱ ኑጉን ሸጦ ፓልም ይዞ ወደ ቤቱ መመለስ ጀመረ።

ፍኖተ ሰላም ወደ 1 ሺህ 900 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የጥቅምትና የኅዳር ጧት ትበርዳለች። ዘይት በችርቻሮ የሚሸጥባቸው ሱቆች በር ላይ ቢጫው ጀሪካን ፀሐይ ሲሞቅ ይታያል፤ ሌሊት ረግቷል። ገዢዋ ጠርሙሷን ይዛ ትመጣና ከሥሩ የነጣውን፣ ከላይ የጠራውን አይታ ትጠይቃለች፤ «የሚረጋው ነው? የማይረጋው የለም?» ባለሱቁም ይመልሳል፤ «እትዬ፣ የማይረጋው ዋጋው አይቀመስም።» የረጋ ሁሉ ልብን ይዘጋል የሚለው ወሬ የተስፋፋው በዚህ ጊዜ ነው። ይህ ፍርሃት ግማሹ ልክ ነው፣ ግማሹ ግን ሁለት ነገር አደባልቋል። ፓልም የሚረጋው ትራንስ ስላለው አይደለም፤ በተፈጥሮው 44 በመቶ ገደማ ፓልሚቲክ የተባለ የጠገበ ስብ ስላለው ነው። ኒኬል ሳይነካውም ይረጋል። በኒኬል የረጋው ሌላ ነው፤ እርሱ ደግሞ ከቅቤ ጎን የሚደረደረው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በከፊል በሃይድሮጅን የረጋ ዘይት ለምግብ አስተማማኝ አይደለም ብሎ ወሰነ። ከመሮው አስተዳደሩን በ2013 ከሶት ነበር፤ መቶ ዓመት አልፎት ውሳኔውን አየ፣ በ2017 በ102 ዓመቱ ሞተ። ውሳኔው ያልታሰበ ሌላ ውጤት አመጣ። ስብ የሞላበት የታመመ ጉበትን የሚያጠኑ ሰዎች አይጦችን የሚያሳምሙት ትራንስ፣ ፍሩክቶስና ኮሌስትሮል በበዛበት ምግብ ነበር። ቅባቱ ከገበያ ሲጠፋባቸው በምትኩ ፓልም አስገቡ፤ የአይጦቹ ጉበት እንደገና ታመመ። የአይጥ ምግቡ ከማንም ሰው ገበታ የባሰ ስለሆነ በቀጥታ ወደ ቡሬ ሊወሰድ አይገባም። ሆኖም ትራንስ የለውም መባሉ ብቻ ለጉበት ነጻ ማረጋገጫ እንዳይደለ ያሳያል።

በዚያው በ2015 እ.ኤ.አ. ለቅቤ ወዳጆች የማይመች ውጤትም ታትሟል። የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች ንጹሕ ቫክሲኒክን ከምግብ ጉልበት 3 በመቶ አድርገው ለሰዎች ሲሰጡ፣ ኤልዲኤል እንደ ፋብሪካው ትራንስ ከፍ አለ። የበረቱ ትራንስ የሚሻልበት ዋናው ምክንያት እንግዲህ መጠኑ ነው፤ በቅቤ ብቻ ወደዚያ መጠን የሚደርስ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ይህን ሳልጠቅስ ባልፍ ለቅቤያችን ማድላት ይሆንብኛል።

በ2019 እ.ኤ.አ. ከቫገኒንገን ሌላ ሥራ ወጣ። የኢላይዲክ ዓይነቱ ትራንስ በጉበት ሴል ውስጥ ኮሌስትሮል በቃ፣ አትሥሩ የሚለውን መቆጣጠሪያ እንደሚያሳስት ታየ፤ ሴሉ ኮሌስትሮል የጎደለው መስሎት ተጨማሪ ይሠራል። ሲስ የሆነው ኦሌይክ ይህን አላደረገም። ከ1990 ጀምሮ በደም ምርመራ ላይ ሲታይ የኖረው ቁጥር ከየት እንደሚነሣ በሴል ደረጃ የታየው በዚህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 2018 እ.ኤ.አ. የፋብሪካ ትራንስን ከምግብ የማስወጣት ጥሪ ሲያቀርብ መለኪያው ከ100 ግራም ስብ 2 ግራም ነበር። ዴንማርክ ይህን በ2003፣ ደቡብ አፍሪካ በ2011 ሕግ አድርገውታል። በእኛም አገር በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ትራንስና የጠገበ ስብ የበዛባቸውን ቅባቶች ከሚታክሱት መሐል አስገባ።

ከዚያ ተራው የቡሬ ሆነ። በ2013 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ በቡሬ ከተማ የባለሀብቱ የበላይነህ ክንዴ የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ ተመረቀ፤ አቅሙ በቀን 1 ነጥብ 5 ሚሊዮን ሊትር ነው ተባለ። የቡሬ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም በዚያው ዓመት ሥራ ጀመረ። የአገሩ ኑግ፣ አኩሪ አተርና ሱፍ ይህን የመሰለ ፋብሪካ ለመመገብ ስለማይበቃ፣ ከውጭ የሚመጣ ድፍድፍ ፓልም ማጣራት የሥራው ትልቅ ክፍል ሆነ። ከቡሬ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ኑግ ያብባል፤ በከተማው ውስጥ ከባሕር ማዶ የመጣ የዘንባባ ዘይት ይጣራል። ፋብሪካው መሠራቱ ደስ ያሰኘኛል፤ ለብዙ ወጣት እንጀራ ሆኗል። የምመኘው የገበሬው ኑግ ወደዚያ በር የሚገባበትን ቀን ነው።

ያ ቀን ሲመጣ ግን ኑግ የራሱ ጥንቃቄ ያሻዋል። ዘይት በፋብሪካ ሲጣራ መጨረሻ ላይ ሽታው እንዲወጣ ከ200 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ሙቀቱ ከ230 ወይም ከ240 ሲያልፍና ሲቆይ ሲስ የነበረው ሊኖሌይክ በጥቂቱ ወደ ትራንስ ይዞራል። ፓልም ሊኖሌይኩ ትንሽ ስለሆነ ብዙ አይነካውም፤ ኑግ ግን ሦስት አራተኛው ሊኖሌይክ ስለሆነ ይነካል። ይህ ትራንስ ሊኖሌይክ የኢላይዲክም የቫክሲኒክም ዓይነት አይደለም። ጉበት ውስጥ ሲገባ ደህናውን ሊኖሌይክ እያረዘሙ ለሴል ግድግዳና ለሌላ ሥራ የሚያዘጋጁትን ኢንዛይሞች ይሻማቸዋል። ሙቀቱን ዝቅ፣ ጊዜውን አጠር በማድረግ የሚቀር ነገር ስለሆነ በባለሙያዎቹ እጅ ነው።

በ2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት ተጀምሮ የዓለም ገበያ ሲናጋ አምስት ሊትር ዘይት ከ1 ሺህ ብር አለፈ። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት መንገዱን ደጋግሞ ዘጋው፤ ጀሪካን የሚመጣበት፣ ኑግና በርበሬም የሚወጣበት መንገድ አንድ ነው። ዘይት ሲወደድ መጥበሻ ላይ የዋለው ዘይት ለነገ ይቀመጣል። በመናኸሪያው አካባቢ ቦንቦሊኖና ሳምቡሳ የሚጠብሱ እናቶች ዘይቱ እስኪጠቁር ቢጠቀሙበት የሚፈረድባቸው አይደሉም። በእንዲህ ያለ መጥበስ የሚፈጠረው ትራንስ ጥቂት ነው፤ በኦክስጅን የተቃጠለው ቅባት ግን ብዙ ነው፤ እርሱንም የሚያጣራው ያው ጉበት ነው።

በገጠር ጉበት ታመመ ሲባል ሰው የሚያስበው የወፍ በሽታን፣ የዓይን ቢጫ መሆንን ነው። የዚያ ምክንያት በአብዛኛው ቫይረስ ነው። ትራንስ ዓይንን ቢጫ አያደርግም፤ ጉበቱ ሥራውን እየሠራ ኮሌስትሮሉን ሲያበላሽ ባለቤቱ ምንም አይሰማውም። ሕመሙ የሚታየው ከዓመታት በኋላ በልብና በአንጎል ደም ሥር ላይ ነው። ሰው ቀምሶ ወይም ዓይቶ የማይለየውን ነገር ደግሞ መለየት ያለበት መሣሪያ ነው።

የምጠይቀው ይህን ነው፤ በክረምት አንድ፣ በበጋ አንድ የገበያ ቀን ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ናሙና ይወሰድ። ከለጋው ቅቤ፣ በክረምት ሣር ከበላች ላምና በበጋ ፋጉሎ ከበላች ላም ለየብቻ። ከሱቁ የረጋ የአትክልት ቅቤ፤ ከጀሪካኑ ፓልም፤ በሞተር ከተጨመቀው ኑግ፤ ከፋብሪካ ከወጣው ዘይት፤ ማታ ከቦንቦሊኖው መጥበሻ ውስጥ ከቀረው። ጋዝ ክሮማቶግራፍ የሚባለው መሣሪያ 9ኛው ካርቦን ላይ ያለውን ትራንስ 11ኛው ላይ ካለው የሚለየው ቅባቱን 100 ሜትር ርዝመት ባለው እንደ ፀጉር በቀጠነ ቱቦ ውስጥ አሳልፎ ነው፤ አጭር ቱቦ ሁለቱን ደባልቆ አንድ ቁጥር ይሰጣል። ስለዚህ ናሙናው ሲላክ ረጅሙ ቱቦ ያለበት ቤተ ሙከራ ይመረጥ፤ ውጤቱም በየዓይነቱ ተለይቶ በአማርኛ ይውጣ።